እጄን የሚመስል እጅ

ረቡዕ 4፣ እኩለ ቀን

ቶሎ ልጻፍ። ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ማውሱ ብቻውን መሄድ ጀመረ። እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ሰባት ማከፋፈያ ጣቢያ ጠፍቷል፣ ግማሽ ከተማ መብራት የለውም። ስልክ ይጮኻል። ሄድኩ።

ረቡዕ 4፣ ከእራት በኋላ

አሁን በወጉ ልጻፈው፤ ሳልጽፈው ካደርኩ ነገ ራሴም አላምነውም።

ሥራዬ መብራት ማከፋፈል ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፣ የፈረቃ ኃላፊ ከሆንኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊት ለፊቴ ስድስት ስክሪን ተደርድሯል፤ ማመንጫው፣ ጣቢያው፣ መስመሩ ሁሉ እዚያ ላይ ተሥሏል። አንድ መስመር ማቋረጥ ካለብኝ በማውስ እነካዋለሁ፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ይለኛል፣ «አዎ» እላለሁ። ያኔ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ብረት ዷ ብሎ ይለያያል። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ሰልችቶኝ አያውቅም።

ዛሬ ጠቋሚዋ ማንም ሳይነካት ተነሳች። መጀመሪያ በክርኔ የገፋኋት መስሎኝ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ያገለገለ ዕቃ ሳያገበያይ ስለማይውል «ደላላው» የምንለው፣ ዞር ብሎ «አንቺ፣ ምን እየነካካሽ ነው?» አለኝ። ሁለት እጄን እንደ ተማረከ ወታደር ወደ ላይ አነሳሁለት።

ጠቋሚዋ አልቸኮለችም። ያስገረመኝ ይኸ ነው። ሌባ ይሮጣል ብዬ ነበር የማስበው። ይህች ግን አንድ ጣቢያ ትመርጣለች፣ ገጹ እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ «እርግጠኛ ነዎት?» ስትባል «አዎ» ትላለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ማውሱን ነቀልኩት፤ ቀጠለች። የይለፍ ቃሌን ሞከርኩ፤ ተቀይሯል። ስድስት ሰዎች ቆመን የራሳችንን ሥራ ሌላ ሰው በራሳችን ስክሪን ላይ ሲሠራው አየን። ከፍርሃቴ ግርምቴ በለጠ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እንዴት ያምራል ብዬ አስቤያለሁ።

«ይኸ ሰውዬ ሥራ ያውቃል» አለ ደላላው በቀስታ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ «‹አዎ› ከማለቱ በፊት ጠቋሚዋን ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ወስዶ ያሳርፋታል። ልክ እንዳንቺ» አለ።

እውነቱን ነው። አንድ ትንፋሽ ለማሰቢያ እንድትሆነኝ እንደዚያ አደርጋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ሌላ ሰው ሲያደርገውም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ስልክ አነሳን። «ከኛ የሚመጣ ትእዛዝ አትቀበሉ፤ ማዞሪያውን ወደ እጅ መልሱት» አልናቸው ለየጣቢያው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰባቱም በሰው እጅ ተመልሰው በሩ። ስልኩን ሳስቀምጥ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ ነበር።

ሐሙስ 5

ቁልፌን ወደ ቤቱ ላኩት።

ቁልፌ የኮምፒውተሮቻችን ጥበቃ ኃላፊ ነው። ስሙን ያወጣንለት ከክፍል በወጣ ቁጥር «ቆልፋችኋል?» ስለሚል ነው። መርማሪዎቹ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያስገባ አንድ መግቢያ ተከፍቶ አገኙ፤ በሱ ፊርማ የተፈቀደ፣ ለአሥር ቀን ተብሎ የተከፈተ፣ ሰባ ቀን ሙሉ ሳይዘጋ የኖረ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ጠባቂው ራሱ በሩን ከፍቶ ከተኛ ሌባው ምን ያድርግ?» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

ሰባ ቀን ወደ ኋላ ቢቆጠር የት እንደሚያርፍ አልቆጠርኩም። ደክሞኛል።

ቅዳሜ 7

ስክሪኖቹ ጠፍተዋል፤ እየተፈተሹ ነው። አገር በስልክ እየመራን ነው። በየጣቢያው ሰው ተቀምጦ በየግማሽ ሰዓቱ ደውሎ ቆጣሪውን ያነብልናል፣ እኛ ግድግዳ ላይ በለጠፍነው ወረቀት እንጽፋለን። ጡረታ የወጡት ሳይቀሩ ተጠርተው መጥተዋል። አንደኛው፣ የሰሜን ጣቢያው ሽማግሌ፣ በደወልኩ ቁጥር «አቤት ልጄ» ነው የሚሉኝ። ጉልበታቸው አይታዘዝም፣ ንባባቸው ግን አንዲት ቁጥር አትሳሳትም።

ለባለቤቴ ላስረዳው ሞከርኩ። ባለቤቴ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኛ ሲያወራ ስለሚውል ማዳመጥ ይችልበታል። «አገሩ ውስጥ ያለ ማመንጫ ሁሉ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ነው የሚመታው» አልኩት። «አንዱ ካንዱ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ። የጎረቤታችን ሴትዮ ምድጃዋን ስትለኩስ ያ ግድብ ላይ ያለው ተርባይን ያውቃታል፤ በጥቂቱ ይከብደዋል። ሁልጊዜ፣ ለሁሉም ሰው።»

«አሁንስ ምቱን የሚይዘው ማነው?»

«ሽማግሌዎች። በስልክ።»

«ጉድ በል» አለና መቀሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔም ከሱ ጋር ቆምኩ። አሥራ ስድስት ዓመት የሠራሁት ሥራ ምን እንደሆነ ገና አሁን የገባኝ ይመስለኛል።

እሑድ 8

ለባለቤቴ ምሳ ላደርስ ሱቁ ሄጄ ነበር። ወረፋ የሚጠብቁት ስለ ረቡዕ ያወራሉ። «አይጥ ነው አሉ ሽቦውን የበላው» አለ አንዱ። «የምን አይጥ! ሆን ብለው ነው» አለ ሌላው። ፊቱ ግማሽ ሳሙና፣ ግማሽ የተላጨ ሰውዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ስሙኝ፣ ከውስጥ ሰው ሳይኖር እንዲህ አይሆንም» አለ። ባለቤቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ዝም ብሎ ነው ያየኝ፤ ምንም ማለቱ አልነበረም።

ቤት ስገባ ልጄ በላፕቶፑ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «እማ፣ ይኸ ነገር በጣም ይንቀራፈፋል፤ ይሞቃልም» አለችኝ። አርጅቷል አልኳት።

ቆጠርኩት። ሰባው ቀን ልጄ በሳንባ ምች ሆስፒታል የገባችበት ሳምንት ላይ ያርፋል።

ማክሰኞ 10

መርማሪዋ ጠራችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ እርሳስ ስትቀርጽ የምትውል ሴት ናት። በዚያ መግቢያ ሁልጊዜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ይገባ እንደነበር ነገረችኝ። መጀመሪያ አሥር ቀን፣ ከዚያ ቆም፣ ከዚያ እንደገና በዚያው ሰዓት፣ ሁለት ወር ሙሉ። «የገቡት ሰዎች ሰዓቱን ሆን ብለው ጠብቀውታል። በተለመደ ሰዓት የሚገባ እንግዳ አያስደነግጥም» አለች። ይህን ስትል እሷም ተገርማ ነበር፤ ታስታውቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሐኪሟ ጎብኝታ የምትወጣበት፣ ልጄ የምትተኛበት ሰዓት ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ሰው የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ፦ «ከቤትዎ ሆነው፣ በግል ዕቃ፣ ወደ ሥርዓቱ ገብተው ያውቃሉ?»

«የለም» አልኩ።

ጻፈችው።

ረቡዕ 11፣ አውቶቡስ ላይ

ለምን «የለም» አልኩ? አፌ ቀደመኝ። ነገ አስተካክለዋለሁ።

ዓርብ 13

አላስተካከልኩም። ሁለቴ መርማሪዋ በር ድረስ ሄድኩ፤ አንዴ ስልክ ላይ ነበረች፣ አንዴ ግን ብቻዋን ነበረች።

እዚህ እንኳ ልጻፈው። ልጄ ስትታመም ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ምትክ የለም ተባልኩ። ቁልፌን ለመንኩት። ከአልጋዋ ሥር ሆኜ ማስጠንቀቂያዎቹን ብቻ እንዳይ ለአሥር ቀን ከፈተልኝ። የገባሁት ግን በቤታችን ላፕቶፕ ነበር፤ እሱ የመሥሪያ ቤቱ መስሎታል። «ስትወጣ ደውይልኝ፣ እዘጋዋለሁ» አለኝ። ወጣች። እንዴት ብዬ ልደውል? ልጄን አቅፌ ስወጣ መንገዱን እንኳ አላየሁትም።

ሌላም አለ። በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታሉ የተላከ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ «የምርመራ ውጤት» ይላል፣ የልጄ ስም፣ የሐኪሟ ስም፣ የአልጋዋ ቁጥር ሳይቀር። ስከፍተው አልከፈት አለኝ። ሦስት ጊዜ ነካሁት። ሐኪሟን ስጠይቃት ደብዳቤ አልላክንም አለች። የኮምፒውተር ስህተት ነው ብዬ ተውኩት።

ሺህ ሰው ይሳሳታል እንዲህ። እናት የሆነ ሁሉ ይከፍተዋል።

ሰኞ 16

ጥቃት አድራሾቹ ሰርቨራችን ላይ የተዉት አንድ ሥዕል ተገኘ። የመስመሮቻችን ካርታ ነው፤ እያንዳንዱ ጣቢያ፣ እያንዳንዱ የኃይል ማቋረጫ ብሬከር። ከኛው የተቀዳ መስሎን ነበር። ደላላው አፍጥጦ ሲያየው ቆየና «አንዷን መስመር አርመዋታል!» ብሎ ጮኸ። የምሥራቁ መስመር በኛ ካርታ ላይ ለዓመታት ተሳስቶ ኖሯል፤ እነሱ ትክክለኛውን አስቀምጠዋል።

የማናውቃቸው ሰዎች፣ የት እንደሆኑ በማናውቀው አንድ ክፍል፣ ቤታችንን ከኛ በላይ አጥንተውታል። ጠላትን እንዲህ ማድነቅ ነውር ይመስለኛል፤ ግን ዋሽቼ ምን ልጠቀም፣ ደንቆኛል።

ሐሙስ 19

ቁልፌን ባለቤቴ ሱቅ አገኘሁት። ፀጉሩን ሊስተካከል መጥቶ ነው፤ ሰኞ 30 ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ከሥራ መሰናበቱ የማይቀር ነው ይላሉ፤ ክስም ሊኖር ይችላል። አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረ «ልጅሽ እንዴት ናት? ሳሉ ተዋት?» አለኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንን ነው።

ባለቤቴ ውሃ ሊቀዳ ወደ ጓሮ ሲወጣ ጠጋ አልኩት። ቃል ሳልተነፍስ እሱ ቀደመኝ። «ስምሽን አላነሳሁም። ወረቀቱ ላይ ያለው የኔ ፊርማ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን ልደውልልሽ ስልክ አንስቼ ነበር፣ ልጇ ታማባት በዚህ አስቸግራታለሁ ብዬ ተውኩት። አለመደወሌ የኔ ጥፋት ነው።»

«አንተ ሰው…» አልኩ።

«ሆድ ይፍጀው» አለ።

እንዲህ ያለ ሰው መኖሩ ይገርመኛል። እንዲህ ያለ ሰው ሲባረር ቆሜ ልመለከት መሆኔም ይገርመኛል። ላፕቶፑን አልነገርኩትም። ደብዳቤውንም።

ሰኞ 23

ስክሪኖቹ ተመለሱ! ሁሉም ታጥቦ ጸድቷል፣ የይለፍ ቃሉ ሁሉ አዲስ ነው። ደላላው እንደ ሙሽራ አጨበጨበላቸው። የሁለት ሳምንቱን የፈረቃ ድልድል ቤት ጽፌ በፍላሽ አመጣሁ፣ አትመን ለጠፍነው። ፍላሽ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አለ፤ ድልድል ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት ብዬ ነው። ሥራ በዝቶብኛል።

ረቡዕ 25፣ ቀን

ወፌ ያለበት መስመር ላይ ኃይል ተለቀቀ። ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በሕይወት አለ። አለ አሉኝ።

ረቡዕ 25፣ ማታ

ወፌ የመስመር ሠራተኛ ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ላየው ግን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬ በመጀመሪያው ጥቃት የተበላሸ አንድ መጋጠሚያ ሊጠግን ወጣ። አራት ሰዓት ላይ ደወለ፦ «እህቴ፣ ልውጣ?»

ስክሪኑን አየሁ። መስመሩ ከሁለቱም ጫፍ ሞቷል፤ ኃይል የለበትም። «ሞቷል፤ ውጣ» አልኩት። «ሰው አለ» የሚለውን ቀይ ምልክትም በመስመሩ ላይ አደረግሁ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የሰሜን ጣቢያው ሽማግሌ ደወሉ፤ የመስመሩ አንዱ ጫፍ እሳቸው ጋ ነው። «ልጄ፣ የምሥራቁ መስመር ላይ ኃይል ለቀቃችሁ እንዴ?»

«ኧረ አለቀቅንም አባባ! ስክሪኑ ሞቷል ነው የሚለው፣ ሰውም አለበት።»

«እኔ ስክሪን የለኝም፣ ጆሮ ነው ያለኝ። ብረቱ ዷ ብሏል። ተለቋል! መልሶም ተቋርጧል።»

ወደ ወፌ ደወልኩ። አያነሳም። አሥራ አንድ ደቂቃ። ስክሪኑ ፊቴ ተረጋግቶ፣ ምልክቷ ቀልታ፣ ሁሉም ሰላም ነው ይለኛል። የዚያን ስክሪን መረጋጋት በሕይወቴ አልረሳውም። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ የመኪናው ሹፌር አነሳ። «ተርፏል» አለ። «ጆሮው አይሰማም፣ ክንዱም ተቃጥሏል፣ ግን ተርፏል።»

ያተረፈው ሽቦ ነው። ወፌ ማንም ምንም ቢለው፣ መስመር ከመንካቱ በፊት ከግራም ከቀኝም በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር ያስረዋል። ሌሎቹ አንዱን ወገን ብቻ አስረው ይወጣሉ፤ ጊዜ ይፈጃል። እኔ ራሴ ስንቴ በስልክ «ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ያንቀረፍፍሃል?» ብዬዋለሁ። ኃይሉ መጣ፣ ሽቦውን አገኘ፣ አጠገቡ እንደ መድፍ ጮኾ ወደ መሬት ገባ። የአንድ ከተማ መብራት አውራ ጣት በሚያህል ሽቦ አጠገቡ አልፎ ሄደ።

ፍላሹ ነው። ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ደብዳቤው ላፕቶፑን ያዘ፣ ላፕቶፑ ፍላሹን፣ ፍላሹ የታጠቡትን ስክሪኖች። መርማሪዋ ስትጠይቀኝ «አዎ» ብል ኖሮ ወፌ ዛሬ ምሳውን ቤቱ ይበላ ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ነው። «የለም» ያልኩት ግን ስህተት አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ላፕቶፑን ከልጄ ቦርሳ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ተዘግቶም ትንሿ መብራቱ ትርገበገባለች። ለባለቤቴ ነገርኩት። «ጠዋት እኔ እሸኝሻለሁ፣ ሱቁ ዘግይቶ ይከፈት» አለ።

ሐሙስ 26

በፌስታል ጠቅልዬ መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። «ውሸት ነግሬዎታለሁ» አልኩ።

እርሳሷን አስቀመጠች። «አንድ የማናውቀው ማሽን እንዳለ ገምተን ነበር። ሁለት ሳምንት ፈልገነዋል። ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ ታማ ነበር።»

«እሱ የከፈቱበት ምክንያት ነው። እኔ የጠየቅሁት ለምን እንዳልነገሩኝ ነው።»

ፌስታሉን ወደ እሷ ገፋሁላት።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን አገኙት። ሆስፒታሉንም ሰብረው ኖሯል፤ ከኛ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የማን ልጅ እንደተኛች ፈልገው፣ የአልጋ ቁጥሯን አንብበው ነው የጻፉልኝ። ልጄ በትኩሳት ስትቃዥ ማዶ ሆኖ የሚያነባት ነበር። እስከ ዛሬ ስላደነቅኳቸው አፈርኩ። እጃቸው ረቂቅ ነው፤ ነፍስ ግን የለበትም።

ሰኞ 30

ኮሚቴው አንድ ሰዓት አልፈጀም። ቁልፌ በማስጠንቀቂያ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ከክፍሉ ታግጃለሁ፣ ውሳኔው በሚመጣው ወር መጨረሻ ነው። ኮሪደር ላይ ተገናኘን። «መግቢያውን ልሸፍንልሽ ችዬ ነበር» አለኝ። «ላፕቶፑን ብታሳውቂኝ ግን በዚያው ቀን እዘጋው ነበር። ወፌ የልጆቼ ክርስትና አባት ነው፣ ታውቂያለሽ?» አላውቅም ነበር። አልተሳደበም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ 1

ወፌን ልጠይቅ ሄድኩ። አራት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፤ የጥየቃ ሰዓት ስለሆነ ሰው ሞልቷል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ክንዱ ተጠቅልሏል። ሲያየኝ ፊቱ በራ። ጆሮው ስለማይሰማ ራሱ ይጮኻል፦ «መጣሽ እህቴ! አንቺ ምን በደልሽ፣ ስክሪኑ ነው የዋሸሽ! እንዳታዝኚ!»

ክፍሉ ሁሉ ሰምቶ ፈገግ አለ። እዚያ ላይ ብተወው ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

ጎንበስ ብዬ «ስክሪኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን? ጮክ በይ!»

«እኔ ነኝ ያስገባኋቸው።»

«አይሰማኝም! ጮክ በይ እንጂ፣ ምን ያሽኮረምምሻል!»

ቀና አልኩና በሙሉ ድምፄ ተናገርኩት። በላፕቶፔ እንደገቡ፣ ሲጠይቁኝ የለም እንዳልኩ፣ ሁለተኛው ጥቃት በፍላሼ እንደመጣ፣ እሱ ላይ የደረሰው ዝም ስላልኩ እንደሆነ። ሁሉንም፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ገበያ አዋጅ። የሚስቱ ቢላዋ ብርቱካኑ ላይ ቆመ።

ወፌ «አሁን ተዘግቷል?» አለ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«በዓይንሽ አይተሻል?»

እንደገና ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ጆሮዬ ሲከፈት ያን መጋጠሚያ እጨርሰዋለሁ። ተጀምሮ ቀርቷል» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ሊቆጣ ይችላል፣ ሊያለቅስ ይችላል ብዬ ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። ለማያውቀው ሰው መብራት ተመልሶ ምሰሶ ላይ ሊወጣ ነው።

ስወጣ ሚስቱ በር ድረስ ተከተለችኝ። እጇ ላይ የብርቱካን ልጣጭ አለ። «እሱ እንዲህ ነው፣ ከሰው ቂም አይዝም» አለችኝ። «እኔ ግን ገና ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ነገ ደግሞ ልትመጪ ነው?»

«ከፈቀድሽልኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ብርቱካን አልቋል» አለችና ተመልሳ ገባች።